ያልረጋው መርፌ

ሲስተር ትሩፋት የሞተችበት ሌሊት ዝናቡ አላባራም ነበር። አስከሬኗ የተገኘው አሶሳ ዳርቻ ላይ አንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት ባሠራው ትንሽ ክሊኒክ ግቢ፣ የሠራተኞች ማደሪያ በሆነው ቤት ውስጥ ነው። ወለል ላይ በተነጠፈ ፍራሽ በጎኗ ተኝታለች፤ ጋቢዋን እስከ ትከሻዋ ለብሳ አንድ እጇን ጉንጯ ሥር አድርጋለች። ለሚያያት ሰው ስታስታምም ውላ የደከማት እንጂ የሞተች ሴት አትመስልም።

1988 ዓ.ም. ነበር። ክልሉ ከተቋቋመ ገና ብዙ አልቆየም፤ ቢሮዎቹ በኪራይ ቤት ይሠራሉ፣ ወንበርና ጠረጴዛው ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና እየመጣ ነው። ከየአገሩ ተመድቦ የመጣው ሠራተኛ ቤት አጥቶ ሁለትና ሦስት ሆኖ ያድራል። መርማሪው መቶ አለቃ ጫኔም ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ የመጣው በዚያው ዓመት ነበር። ጎልማሳ ነው፤ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ ሰው ሲያናግር ደግሞ መሬት መሬት የማየት ልማድ አለው።

እሱና ረዳቱ ሃምሳ አለቃ ቡሴ ሲደርሱ በረንዳው ላይ አንዲት ሴት ሕፃን ታቅፋ ተቀምጣለች። ኢቲዳል ትባላለች፤ በርታ ናት። ከሸርቆሌ በኩል ካለ መንደር የታመመች ሴት ልጇን ይዛ መጥታ ክሊኒኩ ውስጥ ታስታምም ነበር። አሁን እናትየዋን ራሷን ያስመልሳታል፤ ጭንቅላቷንም በእጇ ደግፋ ይዛለች። ሕፃኗ ግን ታለቅሳለች፤ ሁሉም ሰው በልቡ የሕፃኗን ለቅሶ እንደ መልካም ነገር ሳይቆጥረው አልቀረም።

ጫኔ ወደ ክፍሉ ገባ። ቤቱ አንድ የመኝታ ክፍልና ከጎኑ ያለች ጠባብ ኩሽና ነው፤ በመሐላቸው ከመጋረጃ በቀር መዝጊያ የለም። ጋዙ የሚመጣው ውጭ በሽቦ አጥር ውስጥ ከቆመ ሲሊንደር ነው። ቧንቧው ግድግዳውን በስቶ መኝታ ክፍሉ ውስጥ ይገባል፣ እዚያ ከወለሉ ጥቂት ከፍ ብሎ በተሰቀለ አሮጌ የጋዝ ቆጣሪ በኩል ያልፋል፣ ከዚያ ኩሽና ወዳለው ቡታጋዝ ይሄዳል። ቆጣሪው የተሰቀለው ድርጅቱ የክሊኒኩን ጋዝ ብቻ ስለሚሸፍንና የሠራተኞቹ ኩሽና ለብቻው መለካት ስላለበት ነበር። የትሩፋት ፍራሽ የተነጠፈው ልክ ከቆጣሪው ሥር ነው። በክፍሉ ውስጥ አንድ የብረት አልጋ ብቻ አለ፤ ረጅም አልጋ፣ አንድ መስታወቱ በተሰበረ መስኮት ሥር። እሱ ላይ ያደሩት ኢቲዳልና ልጇ ናቸው።

ቡሴ ከኩሽና ተጣራ። የቡታጋዙ ቁልፍ እስከ መጨረሻው ተከፍቷል።

“በቃ፣ ጋዙ ነው የገደላት” አለ። “አንዱ ከፍቶት ነው ያደረው።”

ጫኔ ወደ ውጭ ወጣ። በሽቦው ውስጥ እጁን ሰዶ የሲሊንደሩን መዝጊያ ነካ። ጥርቅም ተደርጎ ተዘግቷል። ማን እንደዘጋው በበረንዳው ላይ የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ ጠየቀ፤ ጥበቃው፣ አስተዳዳሪው፣ ነርሶቹ፣ ማንም አልነካሁም አለ። ጥበቃው ደግሞ ጠዋት ከውጭ የገባ ሰው የለም አለ። የክፍሉ በር ደግሞ በዚያ ሁሉ ዝናብ መጀመሪያ የደረሱት ሰዎች ሲመጡ ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር።

ሆስፒታል ያለው ሐኪም አስከሬኗን መርምሮ የነገራቸው ቀላል ነገር ነው። ይህ ጋዝ ከአየር ይከብዳል፤ ወለል ለወለል እየተኛ ነው የሚሞላው። መሬት ላይ የተኛ ሰው ሳይነቃ ይታፈናል፤ አልጋ ላይ ያለው በተለይ በተሰበረ መስኮት በኩል አየር ካገኘ በራስ ምታትና በማስመለስ ሊተርፍ ይችላል። ትሩፋት የሞተችው ሳይነጋ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ከተኛችበትም አልተነሳችም።

*

ኢቲዳልን መጀመሪያ ያነጋገራት ቡሴ ነው። ቡሴ የባምባሲ ልጅ ነው፤ ቀልጣፋና ቅን፣ ግን ቸኩሎ የሚፈርድ። የሴትየዋ አማርኛ ለገበያ የሚበቃ ያህል ስለሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገንም ብሎ እዚያው በረንዳው ላይ ጠየቃት። ያለችውንም ለጫኔ በቃሉ ደገመለት።

“ሲስተር ጥሩ ነው። እሱ አልጋ ለእኔ ሰጠ፣ እሱ መሬት ተኛ። እኔ እምቢ ብሎ ነበር። ጠዋት ራሴ አመመ፣ አይኔ አያይም። እሱ መጣ። በር ከፈተ። እሱ አለቀሰ፣ ብዙ አለቀሰ። ከዚያ ኩሽና ገባ፣ ምድጃ ነካ።”

ቡሴ ነገሩ ቁልጭ ብሎ ገብቶት ነበር። ሴትየዋ ትሩፋትን ‘እሱ’ ነው የምትላት፤ ስለዚህ ንጋት ላይ የተነሳችው፣ ያለቀሰችውና ቡታጋዙን የከፈተችው ትሩፋት ራሷ ናት። ራሷን አጥፍታለች ማለት ነው። የሐኪሙን ቃል ሲሰማ ግን ፊቱ ተለወጠ። ሳይነጋ የሞተች ሴት ጠዋት ተነስታ አታለቅስም። እንግዲያው ኢቲዳል ዋሽታለች፤ የሚዋሽ ሰው ደግሞ የሚደብቀው ነገር አለው። ሞት ከገባበት ክፍል በሕይወት የወጣችውም እሷ ናት።

ግቢው ውስጥ ወሬው ቀድሞ ተዛምቶ ነበር። ነርሶቹ ሲያለቅሱ ውለው ማታ ላይ እርስ በርስ የሚሉት፣ ከዚህች ሴት ጋር ባታድር ኖሮ የሚል ነው። በዚያ ላይ ማታ ወተት ያፈላችው ኢቲዳል መሆኗን ራሷም አልካደችም። ጫኔ ሊያስራት አልፈለገም፤ ከግቢው ሰው ፊት ማራቁ ግን ግድ ሆነበት። ከነልጇ ጣቢያው ጓሮ ባለች ክፍል እንድትቆይ አደረገ፤ የሕፃኗ መድኃኒት ከክሊኒኩ እንዲመላለስ አዘዘ። ሴትየዋ ፖሊስ ይዟት ሲሄድ አልተከራከረችም። ትሩፋት የተኛችበትን ክፍል ዞር ብላ አየችና በራሷ ቋንቋ አንድ ነገር ተናገረች፤ የሰማት ሁሉ ጸሎት ነው ብሎ ገመተ።

በዚያው ዕለት ረፋድ ላይ አንድ ወጣት በጭቃ የተለወሰ ጫማውን እየጎተተ ግቢው ገባ፤ የሆነውን ሲነግሩት እዚያው መሬት ተቀመጠ። ኤጀታ ነው፤ የክሊኒኩ ጥገና ሠራተኛ። ውሃውን፣ ጄኔሬተሩን፣ ጋዙን የሚይዘው እሱ ነው። ከትሩፋት ጋር ሊጋቡ መሆኑን ግቢው ሁሉ ያውቃል፤ ክረምቱ ሲወጣ ግልገል በለስ ላሉት አባቷ ሽማግሌ ሊልክ ነበር። ጫኔ ብዙ አላስጨነቀውም። ቆጣሪውን የሰቀለው ማን እንደሆነ ብቻ ጠየቀው።

“እኔ ነኝ” አለ ኤጀታ። “አሮጌ ነው፤ ከተዘጋ ፕሮጀክት መጋዘን ነው የተሰጠን። ትናንት ከሰቀልኩት በኋላ በግፊት ሞክሬዋለሁ። አየር ሞልቼ ዘግቼ አየሁት፤ መርፌው ረግቶ ነበር።”

ትናንትና ከሰዓት በኋላ ለመሞከሪያው ፓምፕ አዲስ የጎማ ቱቦ ለመፈለግ ባምባሲ እንደሄደ፣ እዚያው ዘመድ ቤት እንዳደረና በጠዋቱ ሚኒባስ እንደመጣ ተናገረ። ከዚያ በኋላ አፉን በእጁ ከድኖ አለቀሰ፤ ቡሴም ትከሻውን ይዞ ከግቢው አወጣው።

*

ጫኔ ቀጥሎ የተጠራጠረው አስተዳዳሪውን ምስጋናን ነው። ጥበቃው ዓብዱልባሲጥ እንደነገረው በዋዜማው ማታ አስተዳዳሪውና ትሩፋት በረንዳው ላይ ተጨቃጭቀው ነበር። ምስጋና የታማሚ ቤተሰብ የሠራተኛ ቤት እንዳያድር በጥብቅ ከልክሏል። ትሩፋት ደግሞ ዋርዱ ጣሪያው እያፈሰሰ፣ ሕፃኗ ሳንባዋን ታማ፣ እናትየዋን ውጭ በረንዳ ላይ አላሳድርም ብላ እምቢ አለች። ምስጋና ነገ ቁልፉን ትመልሺና ትወጪያለሽ ብሏት ሄደ። የዚያ ቤት መለዋወጫ ቁልፍ ያለው ደግሞ እሱ ጋ ብቻ ነው።

ሲጠየቅ ሌሊቱን ቤቱ እንዳደረ ተናገረ። ጫኔ ባለቤቱን ሲያነጋግራት ግን፣ እሷ እንኳ ጥያቄው እስኪቀርብላት ድረስ ክሊኒክ ነው ያደረው ብላ ታምን ነበር። ምስጋና እንደገና ሲጠራ ላብ አጠመቀው። ጠረጴዛውን እያየ ቀስ ብሎ፣ ከከተማው ማዶ አንድ የጴንጤ ጸሎት ቤት ሌሊቱን ሙሉ ሲጸልይ እንዳደረ ተናገረ። አማቱ ቄስ ናቸው። ባለቤቱ ብታውቅ ትዳሩ ይፈርሳል ብሎ ይፈራል። አብረውት ያደሩት ሰዎች ቃሉን አረጋገጡለት።

ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ቆመ።

“ያን ማታ ተቆጥቼ ነው የተለየኋት” አለ። “ለሕፃኗ ብላ ነበር እኮ። እኔ ደግሞ ሄጄ ሌሊቱን ሁሉ ስጸልይ አደርኩ።”

ጫኔ በሩን ከፈተለት።

ትሩፋት በማግሥቱ ተቀበረች። ግልገል በለስና አሶሳ በአንድ ክልል ውስጥ ቢሆኑም ቀጥታ የሚያገናኛቸው መንገድ አልነበረም፤ ከዚያ የሚመጣ ሰው አዲስ አበባን ዞሮ ነው የሚደርሰው። አባትየው መልእክቱ ደርሷቸው እስኪመጡ አስከሬኑን ማቆየት አልተቻለም። ያለ ዘመድ ነው የተቀበረችው፤ ሬሳውን የተሸከሙት የክሊኒኩ ሠራተኞችና ያከመቻቸው ሰዎች ነበሩ። ኤጀታ ከመቃብሩ ራስጌ ቆሞ አፈር ሲመለስ ሁለት እጁን ኪሱ ውስጥ ከቶ ነበር።

*

ከቀብር መልስ ጫኔ ሲሊንደሩን አስነሳ። ሁለት ፖሊሶች ተጋግዘው ከሽቦው ውስጥ ሲያወጡት አቃሰቱ። ገና ከባድ ነው። ቡታጋዙ እስከ መጨረሻው ተከፍቶ ያደረ ቢሆን ኖሮ ጋዙ ተሟጦ ሲሊንደሩ ይቀል ነበር። ስለዚህ ቁልፉ ተከፍቶ አላደረም፤ ጋዙ የወጣው በሌላ ቦታ፣ ጥቂት በጥቂት ነው።

የት እንደሆነ ለማወቅ ጫኔ ውሃ ቢሮ ሄዶ ሎዛ የምትባለውን መሐንዲስ አመጣ። ሎዛ ሥራዋ የውሃ ቧንቧ በግፊት እየሞከሩ መቀበል ነው፤ ጋዝም ቢሆን መንገዱ ያው ነው አለች። ቧንቧውን ከሲሊንደሩ ነቅላ በዚያ በኩል የክሊኒኩን መሞከሪያ ፓምፕና የግፊት መለኪያ ገጠመች። በወዲያ ጫፍ የቡታጋዙን ቁልፍ ዘጋች። ፓምፑን የመታላት ኤጀታ ነው፤ የጥገና ሠራተኛው እሱ ስለሆነ ጫኔ ራሱ ነበር ያስጠራው። ፓምፑ ላይ ያለው የጎማ ቱቦ አዲስ ነው፣ ገና ያንጸባርቃል።

የመለኪያው መርፌ ወጣ። ሎዛ ዘጋችውና እጇን አጣጥፋ ጠበቀች። ከጣሪያው ላይ የሚንጠባጠበው ውሃ ብቻ ይሰማል። መጀመሪያ መርፌው የቆመ መስሎ ነበር። ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ሲያዩት ግን እየወረደ ነው፤ በጣም ቀስ እያለ፣ ሳያቋርጥ ይወርዳል።

ሎዛ ሳሙና በውሃ በጥብጣ መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በብሩሽ ቀባች። አረፋ የለም። ከዚያ ወለሉ ላይ ተንበርክካ እጇን በቆጣሪውና በግድግዳው መሐል አስገባችና ጀርባውን ቀባች። ኪሷ ውስጥ የነበረ ትንሽ መስታወት አውጥታ ጫኔን አሳየችው። በታችኛው የቆጣሪው ስፌት ላይ፣ ወደ ግድግዳው በዞረው በኩል፣ ደቃቅ አረፋ እየተነፋ ይፈነዳል፣ እንደገና ይነፋል።

“ይህ ነው” አለች። “በሩን ዘግቶ ከሥሩ ለተኛ ሰው ይበቃዋል።”

ጫኔ ቀና ሲል ኤጀታ ፓምፑን እንደያዘ ነበር። ዓይኑ አረፋው ላይ አልነበረም፤ ዛሬም አንዲት ነጭ ክር የቀረችበት፣ ፍራሹ ተነጥፎበት የነበረ ወለል ላይ ነው።

ቡሴ እፎይ አለ። አደጋ ነው፤ ወንጀለኛ የለም፤ መዝገቡ ሊዘጋ ይችላል። ጫኔ ግን ወደ ጣቢያው ሲመለሱ መንገድ ላይ፣ ቆጣሪው ጋዙን ማፍሰሱን አምኖ አንድ ነገር ግን እንደሚቀር ነገረው። ቆጣሪ የቡታጋዝ ቁልፍ አይከፍትም፤ ውጭ ወጥቶም ሲሊንደር አይዘጋም። ሰው ነው ያደረገው። ያ ሰው ገብቶ ጋዝ ሸቶታል፤ ምን ማድረግ እንዳለበት አውቆ ምንጩን ዘግቷል፤ በሩን ከፍቶ ሄዷል። በዚህ ሁሉ ሕይወት ሊያድን ሞክሯል። ታዲያ ለምን ዞሮ ኩሽና ገብቶ ቁልፉን ከፈተው?

*

መልሱ የመጣው ከኢቲዳል ነው። ጫኔ የሕፃኗን መድኃኒት ራሱ ይዞላት ሄደ። ትኩሳቱ በርዶላት እናቷ ጭን ላይ እግሯን ታወራጫለች። እንዴት አደረች ብሎ ጠየቀ።

“ተኛ። ጥሩ ተኛ። አሁን እሱ ጡት ጠባ” አለች ኢቲዳል።

ጫኔ ሕፃኗን አየ። ሴት ናት። ሴት መሆኗን ማንም ያውቃል፤ እናቷ ግን ‘እሱ’ አለቻት። ትሩፋትንም ‘እሱ’ ነው ያለቻት። ለዚህች ሴት በአማርኛ ወንዱም ሴቱም ‘እሱ’ ነው። እንግዲያው ‘እሱ መጣ፣ በር ከፈተ፣ አለቀሰ’ ስትል፣ የመጣው ትሩፋት ናት ያለው ቡሴ እንጂ እሷ አይደለችም። አልዋሸችም ማለት ነው። ካለችው አንድም ቃል ያልሰሟት እነሱ ናቸው።

ጥበቃው ዓብዱልባሲጥ እንዲያስተረጉም ተጠራ። በርታ ነው፤ ዕድሜው የገፋ፣ ጢሙ የሸበተ ሰው። ጣቢያው ደጃፍ ሲደርስ ግን ከማስተርጎሙ በፊት መቶ አለቃውን ለብቻው ሊያናግረው ፈለገ። ያን ዕለት ጠዋት ማንም አልገባም ብሎ መናገሩ ልክ አልነበረም። ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት መስጊድ ሄዶ ነበር፤ የግቢውንም በር ገርበብ አድርጎ ነው የተወው። ከሥራ እባረራለሁ ብሎ ፈርቶ ደበቀ።

“ሴትየዋ ስትታሰር እንኳ መናገር ነበረብኝ” አለ። “ወላሂ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሶላቴ አይረጋልኝም።”

ጫኔ አልተቆጣውም። “አሁን ይናገሩላት” ብቻ አለው።

በራሷ ቋንቋ ስትናገር ኢቲዳል ሌላ ሴት ሆነች። ድምጿ ረጋ ያለ ነው፤ እጇም አብሮ ይናገራል። ንጋት ላይ ራሷ እየከበዳት ነቃች። ልትነሳ ሞከረች፣ ሰውነቷ አልታዘዝ አላት። በዚህ መሐል በሩ ተከፍቶ ቀዝቃዛ ነፋስ ገባ፤ የዳነችው በዚያ ነፋስ እንደሆነ ታምናለች። አንድ ወጣት ሰው ገባ። ፊቱን አላየችውም፤ ትከሻው ላይ እንደ ገመድ የተጠቀለለ የጎማ ቱቦ አንጠልጥሏል። ሲስተሯን አቅፎ አነሳት፣ አናገራት፣ ወዘወዛት። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሰ። መልሶ አስተኛት፣ ጋቢዋንም አለበሳት። ኩሽና ገብቶ ምድጃው ጋ ጥቂት ቆመና ወጣ። እሷ ልትጣራ ብትፈልግም ድምፅ አልወጣላትም።

ዓብዱልባሲጥ ይህን አስተርጉሞ ሲጨርስ ዓይኑን በጥምጣሙ ጫፍ ጠረገ።

ጫኔ ከዚያ በቀጥታ የሄደው ወደ መናኸሪያ ነው። የባምባሲውን ሚኒባስ ሾፌር አገኘው። ያን ዕለት ጠዋት የትም እንዳልተንቀሳቀሰ ሾፌሩ ነገረው፤ ዝናቡ መንገዱን ቆርጦት ከባምባሲ የወጣ መኪና አሶሳ የገባው ከሰዓት በኋላ ነበር። ኤጀታ ግን ረፋድ ላይ እዚሁ ነበር። ያደረውም እዚሁ ነው ማለት ነው።

*

ኤጀታን በጥገና ክፍሉ ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀምጦ አገኙት። ምንም አይሠራም ነበር። ጫኔ ቡሴን በር ላይ አቁሞ ገባና ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እንደ ልማዱ መሬት መሬት አየ።

“ስትሞክረው መርፌው ረግቶ ነበር ብለኸኛል።”

“አዎ።”

“ከረጋ፣ ለምን ሌላ የጎማ ቱቦ ፍለጋ በዚያ ዝናብ ባምባሲ ድረስ ሄድክ?”

ኤጀታ በርጩማው ላይ ጎንበስ አለ።

“ሚኒባሱ ያን ጠዋት አልመጣም። ሴትየዋም አይታሃለች፤ ቱቦው ትከሻህ ላይ ነበር። ጋቢውን መልሰህ ስታለብሳት አይታሃለች።”

በዚህ ጊዜ የኤጀታ ትከሻ ወደ ታች ወረደ፤ ሲሸከመው የቆየውን ነገር እንዳወረደ ሰው። መናገር ሲጀምር አላለቀሰም።

መርፌው አልረጋም ነበር። ጥቂት፣ በጣም ጥቂት ወረደ። ፓምፑ ላይ የነበረው የድሮ ቱቦ የተሰነጠቀ ስለነበር አየሩ በዚያ ነው የሚወጣው ብሎ አሰበ። መገጣጠሚያዎቹን በሳሙና ቀባ፣ አረፋ አላየም፤ የቆጣሪው ጀርባ ግን ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ስለነበር አልነካውም። አዲስ ቱቦ አምጥቶ ነገ እንደገና እስኪሞክረው ድረስ ጋዙ እንደተዘጋ እንዲያድር ነገራት። ትሩፋት ግን ከሰሉ ረጥቧል፣ ለሕፃኗ ወተት ማፍላት አለብን አለችው።

“‘ለአንድ ማታ ምን ይሆናል’ አለችኝ። ስትስቅ ታውቃታለህ፣ መቶ አለቃ? አታውቃትም። እየሳቀች ነው የጠየቀችኝ። ከፈትኩላትና ሄድኩ።”

ባምባሲ ግን ልቡ አላደረለትም። ቱቦውን ገዝቶ በምሽት የጭነት መኪና ተሳፍሮ ተመለሰ። ክሊኒኩ ጋ ሲደርስ መብራቱ ጠፍቶ ስለነበር ተኝታለች፣ አልቀሰቅሳትም ብሎ ቤቱ ሄደ። ንጋት ላይ ከመነሳቷ በፊት ልሞክረው ብሎ ሲመጣ በሩ ጋ ሸተተው፤ በሩ የተገጠመ እንጂ የተቆለፈ አልነበረም።

“ቀዝቅዛ ነበር። ሲሊንደሩን ዘጋሁ፣ በሩን ከፈትኩ፣ ግን ቀዝቅዛ ነበር። ከዚያ ቆጣሪውን አየሁት። እኔ የሰቀልኩት፣ እኔ የከፈትኩት። ሰው ምን ይለኛል ብዬ አይደለም፤ አባቷ እኔ እንደገደልኳት ይሰማሉ ብዬ ነው። ረስታ ከፍታው አደረች ቢባል፣ የማንም ጥፋት አይሆንም አልኩ።”

“ኢቲዳልስ?”

“ያን ሰዓት አልጋው ላይ ሰው መኖሩን እንኳ በቅጡ አላየሁም። ሕፃኗ ስትንቀሳቀስ ነው ደንግጬ የወጣሁት።”

“እሱን አልጠየቅሁህም። ስትታሰርስ?”

ኤጀታ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየው። ከዚያ ፊቱን መለሰ። ጫኔም አልደገመለትም። ተነስቶ ካቦርቱን ከማንጠልጠያው አወረደና አለበሰው፤ ውጭ አሁንም ይዘንባልና።

*

ኢቲዳል በዚያው ዕለት ወደ ክሊኒኩ ተመለሰች። ነርሶቹ በረንዳው ላይ ቆመው ተቀበሏት። ከመካከላቸው አንዷ ሕፃኗን ልትቀበላት እጇን ስትዘረጋ ኢቲዳል ጥቂት ካመነታች በኋላ ሰጠቻት። ምስጋና ራሱ ዋርዱ ውስጥ ጣሪያው የማያፈስበት ጥግ አልጋ አስመቻቸላት።

የትሩፋት አባት አቶ ዳምጠው የደረሱት ከቀናት በኋላ ነው። አናጢ ናቸው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ጣቶቻቸው የተቋጠሩ። ከአውቶቡስ ሲወርዱ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል። ጫኔ መቃብሯ ጋ ወሰዳቸው። ሲመለሱ ቢሮው አስቀምጦ ሁሉንም ነገራቸው፤ ምንም አላስቀረም። ሽማግሌው ሳያቋርጡት ሰሙ። ሲጨርስ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተሠቃይታ ነበር ወይ ብለው። አልተሠቃየችም፣ እንቅልፏን እንደተኛች ነው አላቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ።

ኢቲዳልን ማየት ፈለጉ። ዋርዱ ውስጥ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀመጡ፤ እሷ የማን አባት እንደሆኑ ስታውቅ ከአልጋው ወርዳ እግራቸው ላይ ልትወድቅ ሞከረች፣ ያዟት። በዓብዱልባሲጥ አፍ የተነጋገሩት ጥቂት ነው። አልጋው የእኔ አይደለም፣ አንቺ ተኚበት ብያት ነበር፣ እምቢ አለችኝ ስትል ሽማግሌው ልጃቸውን እንደሚያውቋት፣ እምቢ ካለች እንደማትመለስ ነገሯት። ሕፃኗን ጥቂት ታቀፉና መለሱላት።

ከዚያ ጣቢያ ተመልሰው ኤጀታን አስጠሩ። ጫኔ አስገባውና ራሱ በር ላይ ቆመ። ወጣቱ ገና ሲገባ መሬት ላይ ተደፋ። አቶ ዳምጠው ለጥቂት ጊዜ ከላይ ቁልቁል አዩት።

“ሽማግሌ ትልካለህ ተብዬ ቤቴን አስለስኜ ነበር” አሉት። “መልክህን ሳላይህ ነው የጠበቅሁህ። ተነስ።”

ኤጀታ ተነሳ።

“ይቅር አልልህም። ዛሬ አልችልም፤ ወደፊትም እንደምችል አላውቅም። ስለ ልጄ የምልህን እግዜር ያውቃል። ያችን ባዕድ ሴት ከነልጇ ስትታሰር ዝም ላልክበት ግን ይቅርታ እሷን ነው የምትጠይቃት፣ እኔን አይደለም።”

“እሺ፣ አባባ።”

ሽማግሌው ወንበር ስበው ተቀመጡ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። ድምፃቸው ሲወጣ ቅድም የነበረው አልነበረም።

“ሁለት ዓመት አላየኋትም። መንገዱ ሩቅ ነው፣ እሷም ሥራ አለብኝ ትላለች። እዚህ እንዴት እንደነበረች የሚነግረኝ ሰው የለኝም። ምን ትበላ ነበር? ማን ጓደኛ ነበራት? አንተ ታውቃለህ። ንገረኝ።”

ኤጀታ ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ተቀመጠ። መጀመሪያ ቃላቱ እየተቆራረጡ ነበር የሚወጡት። በዝናብ ጊዜ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛ እንደምትሄድ፣ ማንጎ እንደምትወድ፣ የበርታ ሴቶች ቋንቋቸውን ሲያስተምሯት አፏ እየተሳሰረ ራሷ ላይ እንደምትስቅ ነገራቸው። ሽማግሌው ጎንበስ ብለው ይሰሙታል፤ አንዳንዴ “እሱስ ከልጅነቷ ነው” ይላሉ።

ቡሴ የጥየቃው ሰዓት ማለቁን ለመናገር በኮሪደሩ መጣ። ጫኔ እጁን አንስቶ አስቆመው፣ በሩንም ቀስ ብሎ ገርበብ አደረገባቸው።